ቀቢው ሥራውን ሲጨርስ

ክዳኑ አልከፈት አለ። ባለሱቋ የቀለሙን ቆርቆሮ ጉልበቶቿ መሀል አጥብቃ ይዛ በካቻቢቴ ትፈለቅቀዋለች፤ ባሏ ብሩሹን እንደያዘ አጠገቧ ቆሞ ያያታል።

«እንደሱ አይደለም» አላት። «ባንድ በኩል ብቻ ከታገልሽው ይጣመማል። እየዞርሽ፣ ትንሽ ትንሽ አድርገሽ አንሺው።»

እንዳላት አደረገች። ክዳኑ ጧ ብሎ ተነሣ፤ እሷም ቀና ብላ አየችው። ይህን ያህል ቃል ሳይንተባተብ፣ መሀል ላይ ሳይጠፋበት፣ አሰካክቶ ከተናገረ ስንት ጊዜው ነው? ጠዋት ማንኪያ ምን እንደሆነ ጠፍቶበት ሻዩን በሹካ ሊያማስል ሲታገል የነበረ ሰው፣ የቀለም ቆርቆሮ ሲያይ ምላሱ ተፈታ። ይኸው፣ አለች በሆዷ፤ እኔ ምን አልኩ?

ምን እንዳለች ልንገራችሁ፤ ግን መጀመሪያ ሴትዮዋን እወቋት። ባለሱቋ ከቤቷ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ዕድሜዋን ሙሉ ስኳርና ሳሙና ስትሸጥ የኖረች፣ ሚዛን አጉድላ የማታውቅ፣ ሚዛን የሚያጎድልባትንም የማትምር ሴት ናት። ባሏ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ያውም እንዲሁ ቀቢ እንዳይመስላችሁ። ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን መስመር ያለ ክር፣ ያለ ምንም፣ በእጁ ብቻ ቀጥ አድርጎ የሚስብ ሰው ነበር። ሰው ቤቱን ሳያስቀባ ወራት ተቀምጦ የሱን ተራ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ የመርሳት በሽታ መጣ። መጀመሪያ የመሣሪያዎቹን ስም፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ወሰደበት።

ባለፈው ክረምት ባልዲውን አንጠልጥሎ ወጣና ዝናብ ሲደበድበው ዋለ። በመጨረሻ ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘው፣ እየታገላቸው፣ እየጮኸ አመጡት። ያን ጊዜ ሌላ ከተማ የሚሠራው ልጃቸው ሥራውን ጥሎ ከተፍ አለ።

«እማዬ፣ አንቺም እኮ ወጣት አይደለሽም» አላት። «ቀን ቀን ከአባዬ ጋር የምትውል ሰው እቀጥራለሁ። ግን አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ በግድ ተይዞ ከመጣ፣ ማዕከል ነው የምናስገባው። ለሱም ለአንቺም ብዬ ነው። ተስማማሽ?»

ተስማማች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። የአረጋውያን ማዕከሉን ሄዳ አይታዋለች፤ ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም ክፉ ሰዎች አይደሉም። አልጋው ግን የአንድ ሰው አልጋ ነው። ከተጋቡ ወዲህ ከሱ ተለይታ ያደረችባቸውን ሌሊቶች በጣቷ ብትቆጥር ጣት ይተርፋታል። ልጇ ይህን አያውቅም፤ እሷም ለልጅ የሚነገር ነገር አይደለም ብላ ሆዴ ይፍጀው አለች።

የተቀጠረችው ሴት በመጣች ዕለት ቀቢው ከራሷ እስከ እግሯ አያትና «የሥራው ፎርማን አንቺ ነሽ?» አላት። «ነኝ ጋሼ፤ ዘገየሁብዎት?» አለች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። ከዚያ ወዲህ ለሰፈሩ ሁሉ ፎርማኗ ሆና ቀረች። ድምፀ ጎርናና ናት፤ ስትስቅ ሦስተኛው ግቢ ይሰማል። ሥራዋን ግን ታውቃለች፣ ይህን መካድ ነውር ነው፤ ባለሱቋም አትክድም። ልብሱን አልጋው ላይ በሚለበስበት ተራ ትደረድርለትና ዞር ትላለች፤ እሱም ራሱ ለብሶ እንደ ጎበዝ ይወጣል። «ያስታውሳሉ?» ብላ ጠይቃው አታውቅም። ገላዬን አልታጠብም ያለ ቀን ሙግት አትገጥምም፤ ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጥና ስለ ኖራ ታወራዋለች። ኖራ ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ ኖራ ክንድ ላይ ሲደርቅ። ጥቂት ቆይቶ እሱ ራሱ «ይሄ ነገር ያሳክካል፣ ልታጠብ እስቲ» ብሎ ይነሣል። ባለሱቋ ይህን ባየች ቁጥር ትገረማለች፤ እሷ ብትሆን ግማሽ ቀን ተጨቃጭቃ፣ አልቅሳ፣ አስለቅሳው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባታል። ፎርማኗ በየጠዋቱ ባልዲ ውኃ ትሞላና ሰፊ ብሩሽ ትሰጠዋለች፤ ቀቢውም የግቢውን ባዶ የሲሚንቶ አጥር ይቀባል። በውኃ! ውኃ ሲያርፍበት ሲሚንቶው ይጠቁርና አዲስ ቀለም የተቀባ ይመስላል። እሱ ወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ፀሐይ ወዲህኛውን አድርቃ ትጠብቀዋለች። ይመለስና እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ሲል ይውላል፤ ሲደክመው ደህና አድርጎ ይበላል፤ ማታም ይተኛል። ነገሩ መልካም ነበር፣ ጎረቤቷ አንድ ቀን ከአጥር ማዶ «ውይ፣ ጋሼ ውኃ እየቀባ ነው እንዴ?» ብላ ባትስቅ ኖሮ። ክፋት አልነበረበትም፤ ባለሱቋ ግን ክው አለች።

«ባሌን እንደ ሕፃን ልጅ ታታልይብኛለሽ» አለቻት ፎርማኗን።

«አላታለልኳቸውም እማማ። ግድግዳ ከመቀባቱ በፊት ይታጠብ የለ? እኛ ገና እያጠብን ነው።»

«ስንት ወር ነው የሚታጠበው?»

«ምን ላድርግ፣ ቆሻሻ ግድግዳ ነው» አለችና ሳቀች።

ባለሱቋ አልሳቀችም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። ያ ሁሉ ሰው ተራ የጠበቀለት እጅ በስተርጅናው ውኃ ይቀባ? ለሷ ይህ ገዢው አያይም ብሎ ስኳር ላይ አሸዋ እንደ መቀላቀል ነው። ስለዚህ ፎርማኗ ለዚህ ሥራ የላካት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ስለጠራት ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንደምትገባ ትናንት ስትነግራት፣ ባለሱቋ ወዲያው ቦርሳዋን ይዛ ወደ ቀለም መደብር ሮጠች። እውነተኛ ቀለም ገዛች፤ የቅቤ መልክ ያለው፣ ድሮ እሱ ለገዛ ቤቱ የሚመርጠውን። ጎረቤቷም ፎርማኗም ባሌ ማን እንደሆነ ይዩት ብላ ነው እንግዲህ።

«ከበሩ አጠገብ ያለችውን አጭሯን ግድግዳ ቅባልኝ» አለችው።

«የበሩን መዝጊያ ክፈቺዋ መጀመሪያ። እንዲህ ተዘግቶ ቀለሙን ይነካብኛል።»

ከፈተችለት። ቀቢው ቀለሙን በእንጨት እስከ ቆርቆሮው ወለል ድረስ አማሰለ። ብሩሹን ነከረ፣ በቆርቆሮው አፍ ላይ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ጠረገው፤ አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። ከዚያ ጀመረ። ከላይ ወደ ታች ረጅም አድርጎ ይስባል፣ በግማሽ ብሩሽ ይደርበዋል፣ ጥጉ ጋ ሲደርስ ብሩሹን በጠርዙ ያቆመዋል። ጠዋት ቁልፍ ሲቆልፍ የሚንቀጠቀጠው ጣት አሁን ፀጥ ብሏል። ወገቡ ቀና፣ ትከሻው ሰፋ። ባለሱቋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እያየችው እንባዋ ወረደ፤ የደስታ እንባ ነው፣ አላፈረችበትም። ይህች ጎረቤት ተብዬ ሌላ ቀን ከአጥሩ አትጠፋም፤ ዛሬ ለምስክርነት ስትፈለግ የት ገባች?

ጨረሰ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነና ተመለከተው፤ አንዲት ቦታ ላይ ተመልሶ አስተካከለ። የቆርቆሮውን አፍ በጨርቅ ጠርጎ ከደነ፣ በቡጢው ዙሪያውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ ወደሷ መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ፣ አልቋል። ይዩትና የጎደለ ካለ ይንገሩኝ።»

ባለሱቋ ሳቅዋ ከንፈሯ ላይ ቀረ። «አየሁት፣ እጅህ ይባረክ። ግን እትዬ አትበለኝ፤ እኔ እኮ ሚስትህ ነኝ።»

ፈገግ አለላት። ሰው ያልገባውን ቀልድ ሰምቶ ላለማሳፈር ፈገግ እንደሚለው። ሆድ ባሳትና ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ምድጃው አጠገብ ቆማ ፊቷን በውኃ አበሰች፤ አይዞሽ፣ ሻዩን ሲጠጣ ይመለስለታል አለች ለራሷ። ብርጭቆውን ይዛ ስትወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቀቢውም የለ፣ ባልዲውም የለ፣ ብሩሹም የለ።

ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጠችው አታውቅም። በባዶ ራሷ ወጥታ መንገዱን ወዲህና ወዲያ ስታይ ፎርማኗ ከማዶ ብቅ አለች።

«እማማ? ምነው? ጋሼስ?»

«ጠፋብኝ» አለች። ባለሱቋ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም፤ የመጣውን ተናገረች። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። እውነተኛ ቀለም ገዝቼ ሰጠሁት። በሩንም የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ፎርማኗ አልጮኸችም፣ ፊቷንም አላጠቆረችም። ግድግዳውን አየች። «ሲያምር» አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው። «ሲጨርሱ ምን አሉ?»

«አልቋል አለኝ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። ቀቢ ሥራው ሲያልቅ የሰው ግቢ ውስጥ ምን ይሠራል? ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ። ውኃው ይደርቃል፤ ስለዚህ ሥራው አያልቅም፤ ስለዚህ አይሄድም። ቀለሙ ግን ደርቆም አይጠፋም፣ እዚያው ይቀመጣል። እሷ በገዛ እጇ፣ በገዛ ገንዘቧ፣ ባሏን ከቤቱ አሰናበተችው።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች ፎርማኗ። «ለምን በውኃ እንደሆነ ቁጭ ብዬ ላስረዳዎት ሲገባ በሳቅ አለፍኩት።»

«ብትነግሪኝስ እሰማሽ ነበር?»

«አይመስለኝም።»

በዚያ ጭንቅ መሀል እንኳ ሁለቱም ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ፎርማኗ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አጠበቀች። «አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፤ እኔ ይህን አላውቅም። ድሮ ሥራ ሲጨርሱ መጀመሪያ የት ነበር የሚሄዱት?»

«ቤቱ ነዋ።»

«በቀጥታ?»

ባለሱቋ አሰበች። «አይ። ቀለም የነካው ብሩሽ ይዞ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ውኃ ካገኘበት ይቆምና ያጥበዋል። እኔ ደግሞ ለምን አመሸህ ብዬ እቆጣው ነበር።»

«እንግዲያው ውኃ እንፈልግ።»

መጀመሪያ ነዳጅ ማደያው ጋ ሄዱ፤ አላዩትም አሏቸው። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠየቁ፤ እሱም አላየም። ባለሱቋ ጉልበቷን ያማታል፣ ዛሬ ግን ወጣት ሆናለች፤ ፎርማኗ ናት «ቀስ ይበሉ» እያለች የምትከተላት። መሀል መንገድ ላይ የባለሱቋ ስልክ ጮኸ፤ ልጇ ነው። አየችውና ቆመች።

«ላንሣው?» አለች። «ልጄን ዋሽቼው አላውቅም።»

«አይዋሹትም። ማታ አብረን እንነግረዋለን፤ እኔም ለመሥሪያ ቤቴ መናገሬ አይቀርም። ግን እማማ፣ በእግራቸው መጡ ማለትና ተይዘው መጡ ማለት አንድ አይደለም። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እንወቅ።»

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

ቀቢውን ያገኙት የመኪና እጥበቱ ጋ ነው። የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ብሩሹን ያጥባል። ቦት ጫማ ያደረገ ወፍራም አጣቢ የውኃውን ጎማ ዝቅ አድርጎ ይዞለታል። ከኋላ አንድ ባለመኪና ተራዬ ነው እያለ ጥሩንባ ይነፋል።

«ይጠብቅ፣ ምን አባቱ» አላቸው አጣቢው። «ብሩሽ እንዲህ ሲታጠብ አይቼ አላውቅም። ለእያንዳንዷ ፀጉር ነው እኮ የሚጨነቅላት። የእናንተ ሰው ነው?»

ባለሱቋ ሮጣ የባሏን ክንድ ያዘች። «አንተ ሰው፣ ልቤን አጠፋኸው እኮ! ተነሥ፣ ቤት እንሂድ።»

ቀቢው ክንዱን ሳብ አደረገ። «እትዬ፣ ሥራውን ጨርሼልዎታለሁ። ምን ጎደለ?»

«ቤት እንሂድ ነው የምልህ። ሚስትህ ነኝ፣ እየኝ እስቲ።»

«ሚስቴ ቤት ናት» አለ፤ ድምፁ ከፍ አለ። ተነሥቶ ቆመ፣ ባልዲውን ደረቱ ላይ ለጠፈው። ዓይኑ ያን የዝናቡን ቀን ዓይን መሰለ። ባለመኪናው ጥሩንባውን ተወና አንገቱን አውጥቶ ማየት ጀመረ።

ፎርማኗ ከፊቱ አልቆመችም፤ ጎን ጎኑን ሆነች። «ክንዳቸውን ይልቀቁላቸው እማማ» አለች በዝግታ። ባለሱቋ ለቀቀችው። «በግድ አንወስዳቸውም፤ አቅሙም የለን፣ ተገቢም አይደለም። እምቢ ካሉ ከመሥሪያ ቤቴ መኪና አስጠራለሁ፣ ሁለት ወንዶች ይመጣሉ።»

ያ ምን ማለት እንደሆነ ለባለሱቋ ማስረዳት አያስፈልግም። የአንድ ሰው አልጋ ታያት።

«አንቺ ንገሪው በናትሽ» አለቻት። «አንቺን ይሰማል። ግድግዳ አለ በይው፣ የፈለግሽውን በይው።»

«ጋሼ—» ብላ ጀመረች ፎርማኗ።

«ፎርማን፣ የዛሬው አልቋል» አለ ቀቢው። «ነገ ጠዋት እንገናኝ። አሁን ሚስቴ ትጠብቀኛለች።»

ፎርማኗ ፊቷን አላጨማደደችም። ሙግት ከመግጠም መጠየቅ ነው ልማዷ። «እንዴት ያለች ሴት ናት ሚስትዎ?»

ቀቢው ባልዲውን ከደረቱ ትንሽ አራቀው። «ባለሱቅ ናት። ምላሷ ስለት ነው፤ ሚዛን ያጎደለባት ሰው ሁለተኛ በዚያ መንገድ አያልፍም።» ሳቀ። አጣቢውም አብሮት ሳቀ። «ካመሸሁ ደግሞ ሳትበላ ነው የምትቆየኝ። አንቺ ብዪ፣ እኔን አትጠብቂኝ አልኳት፣ ስንት ጊዜ። እምቢ አለች። ስለዚህ ማምሸት አልወድም።»

ባለሱቋ ይህን ሁሉ ጊዜ ረሳኝ ብላ ስታለቅስ፣ ስሟን ስትነግረው፣ የሠርጋቸውን ፎቶግራፍ ዓይኑ ሥር ስትደቅን ኖራለች። አልረሳትም። ራቧን እንኳ አልረሳም። ያለችበትን ቦታ ነው ያጣው። ይህች ከፊቱ ቆማ ክንዱን የምትጎትት አሮጊት ደግሞ ወደዚያች ሴት እንዳይሄድ መንገድ የዘጋችበት ሰው ናት።

ፎርማኗ ሌላ ነገር ልትለው አፏን ስትከፍት ባለሱቋ እጇን ያዝ አደረገቻት። ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። ነፋስ የበተነውን ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች። ከዚያ ጥቂት ፈቀቅ ብላ፣ ሥራ ልታሠራ እንደመጣች ሴት፣ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለችው። «ቅድም አስደነገጥኩዎት። ቤቴን ማስቀባት ፈልጌ ነው። እጅዎ የታወቀ ነው።»

ቀቢው አያት። «ዛሬ እንኳ አልችልም። ባለቤቴ—»

«አውቃታለሁ። ሱቋ እኔ ቤት ፊት ለፊት ናት። ግድግዳውን አይተውልኝ እዚያው ይገባሉ፤ ሳትበላ አትቆይም።»

ከተናገረችው ውስጥ አንዲት ውሸት አልነበረችም፤ ሚዛኑ አልጎደለም። ፎርማኗ ወደ መንገዱ ዞረች፤ እሷ እንኳ በዚያች ሰዓት የምትስቅበት አልነበራትም።

ቀቢው ብሩሹን ሁለት ጊዜ አራገፈ፣ ፀጉሩን በጣቱ አስተካክሎ ባልዲው ውስጥ አስቀመጠው። አጣቢውን አመሰገነ። ባርኔጣውን አደረገና «እሺ፣ ይምሩኝ» አላት። ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ፤ እሱ በመኪና መንገዱ በኩል፣ እሷ በግድግዳው በኩል፤ ፎርማኗ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርታ ትከተላቸዋለች።

«ሥራው ብዙ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«ብዙ ነው» አለችው። «ቶሎ የሚያልቅም አይደለም።»